ባሕር የተሻገረ ክንፍ፦ በቤት የሚሠሩ የኮምፖዚት አውሮፕላኖች ታሪክና የሥራ መዝገብ ጉዳይ



በዛሬው ገለጻዬ የማነሣው ጥያቄ አንድ ነው። አንድ ሰው በመኖሪያ ቤቱ አውሮፕላን መሥራት ጀምሮ፣ ሥራው ሳያልቅ ኑሮው ወደ ሌላ አገር ቢዛወር፣ ከሠራው ነገር አብሮት የሚሻገረው ምንድን ነው? ጥያቄው ለአንዳንዶቻችሁ የትርፍ ጊዜ ጨዋታ ወግ ሊመስል ይችላል። እኔ ግን የቴክኖሎጂ ታሪክ አስተማሪ እንደመሆኔ በሌላ ዐይን አየዋለሁ። ዕውቀት ከአገር አገር እንዴት እንደሚጓዝ፣ በመንገድ ላይም ምን እንደሚጎድልበት በዚህን ያህል ግልጽነት የሚያሳይ ምሳሌ ብዙ አላገኘሁም።

ሐሳቤን አስቀድሜ ልናገር። ክንፉ በሣጥን ታሽጎ ይሻገራል፤ የመብረር ፈቃዱ ግን አይሻገርም። በሁለቱ መካከል ያለውን ክፍተት የሚሞላው በጥንቃቄ የተያዘ የሥራ መዝገብ ነው። የምጠቅሳቸው ዘመናት፣ ዓ.ም. ብዬ ካልለየኋቸው በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጭቃና ጭድ

ኮምፖዚት የሚለው ቃል ባዕድ ቢሆንም ነገሩ ለእኛ ባዕድ አይደለም። ቤት የሚመርግ ሰው ጭቃውን ብቻውን አይለጥፈውም፤ የጤፍ ጭድ ጨምሮ፣ ረግጦና አብኩቶ ነው የሚመርገው። ጭቃው ጭዱን አያይዞ ቅርጽ ይሰጠዋል፤ ጭዱ ደግሞ ጭቃው ሲደርቅ እንዳይሰነጠቅ ይይዘዋል። በአውሮፕላኑም ላይ የጭዱን ቦታ የመስታወት ክር፣ የጭቃውን ቦታ ኢፖክሲ የሚባለው ሙጫ ይተካል። ልዩነቱ የአውሮፕላኑ ሠሪ ክሩ የሚዘረጋበትን አቅጣጫ አስልቶ መምረጡ ነው። ክንፉን ወደ ላይ የሚያጥፈውን ኃይል ለመቋቋም ክሩ በክንፉ ርዝመት ከሥር እስከ ጫፍ ይዘረጋል፤ ክንፉን የሚጠመዝዘውን ኃይል ለመቋቋም ግን ጨርቁ በ45 ዲግሪ ይነጠፋል። የክንፉ ጥንካሬ የሚወሰነው ቁስ በመብዛቱ ሳይሆን በአነጣጠፉ ነው።

ይህ ጥበብ ወደ አየር የወጣው ከትልልቅ ፋብሪካዎች ብቻ አለመሆኑን ተማሪዎቼ እንድታስተውሉልኝ እፈልጋለሁ። ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ የቬርሳይ ውል የጀርመንን ሞተር ያለው አቪዬሽን ስላጠበበው፣ የጀርመን የቴክኒክ ተማሪዎች ፊታቸውን ወደ ሞተር አልባው አውሮፕላን አዞሩ። በየትምህርት ተቋሙም ራሳቸው የሚነድፉ፣ ራሳቸው የሚሠሩ፣ ራሳቸው የሚያበርሩ ማኅበራት ተቋቋሙ። ኅዳር 1957 የመጀመሪያ በረራውን ያደረገው ፊኒክስ የተባለው ተንሳፋፊ አውሮፕላን፣ በፋይበርግላስ ከተሠሩት ሁሉ ቀዳሚ ሆኖ የሚጠራው፣ ከሽቱትጋርት የተማሪዎች የበረራ ማኅበር የፈለቀ ሥራ ነበር። ይሁን እንጂ የዚያ ዘመን አሠራር ቅርጽ ማውጫ ይጠይቅ ነበር። አንድ ክንፍ ለመሥራት አስቀድሞ የክንፉን አምሳያ፣ ከአምሳያውም ቅርጽ ማውጫውን መሥራት ግድ ነበር። ብዙ አውሮፕላን ለሚሠራ ፋብሪካ ይህ ያዋጣል፤ በቤቱ አንድ አውሮፕላን ብቻ ለሚሠራ ሰው ግን ከአቅም በላይ ነው።

ፋብሪካው ወደ ጋራዥ ሲገባ

ይህን እንቅፋት በሰፊው ያስወገደው አሜሪካዊው መሐንዲስ በርት ሩታን ነው። በካሊፎርኒያ በረሃ፣ ሞሃቪ በምትባል ከተማ በሚገኝ የአውሮፕላን ማረፊያ አነስተኛ ድርጅት አቋቁሞ፣ በ1975 ቫሪ ኢዜ የተባለውን ባለ ሁለት መቀመጫ አውሮፕላን አበረረ። በ1979 ሎንግ ኢዜድ የተባለው ተከተለ። ሁለቱም ትንሹን ክንፍ በፊት፣ ሞተሩንና መዘውሩን በኋላ ያደረጉ ናቸው።

የአሠራሩ ቁም ነገር ግን ከቅርጹ ይልቅ በዘዴው ላይ ነበር። ሠሪው የፎም ብሎክ ወስዶ፣ በሁለቱ ጫፎቹ ላይ የክንፉን መስቀለኛ ቅርጽ የሚመሩ ልኮች ይለጥፋል፤ ከዚያም በኤሌክትሪክ የጋለ ቀጭን ሽቦ በልኮቹ ላይ እየጎተተ ፎሙን እንደ ቅቤ ይቆርጠዋል። በተቆረጠው ፎም ላይ የመስታወት ጨርቅ ይነጠፋል፣ ኢፖክሲ ይፈስበታል፣ ትርፉም በጎማ መጥረጊያ ተገፍቶ ይወጣል። ፎሙ ከውስጥ ይቀራል። እንግዲህ ቅርጽ ማውጫውም የክንፉ አካል ሆነ ማለት ነው። የሚያስፈልጉት መሣሪያዎች መቀስ፣ ቢላዋ፣ ብሩሽ፣ ሚዛንና የጋለ ሽቦ ናቸው። የክንፉ ልኮችም በንድፉ ውስጥ በእውነተኛ መጠናቸው ታትመው ይመጡ ነበር።

ቀላል ነው ማለት ግን ልል ነው ማለት አይደለም። ለክንፍ የሚሆነውን ፖሊስታይሪን ፎም ቤንዚን ያቀልጠዋል፤ ስለዚህ የነዳጅ ጋኑ ከሌላ ዓይነት ፎም ይሠራል። ዩሬቴን የተባለው ፎም ደግሞ በጋለ ሽቦ ከተቆረጠ መርዛማ ጋዝ ያወጣልና በቢላዋ ብቻ ነው የሚቀረጸው። ኢፖክሲው በብርድ ክፍል በደንብ አይጠነክርም። ከደረቀም በኋላ ሙቀት ሲበዛበት ይለሰልሳል፤ እነዚህ አውሮፕላኖች ፀሐይን እንዲመልሱ ነጭ የሚቀቡት ለዚህ ነው።

ስለ መዝገብ ለምናገረው መሠረት የሚሆን አንድ ነጥብ አለ። በኢፖክሲ የራሰ የመስታወት ጨርቅ ብርሃን ያሳልፋል። ሙጫ ያልደረሰው ቦታ ወይም የታመቀ አየር ነጭ ነጥብ ሆኖ ስለሚታይ፣ ሥራው ገና እርቃኑን ሳለ ጥራቱን በዐይን መመርመር ይቻላል። ሙሌቱ ከተቀባና ነጭ ቀለሙ ከለበሰ በኋላ ግን ሁሉም ክንፍ አንድ ይመስላል። የጠንቃቃው ሥራና የግዴለሹ ሥራ በመልክ አይለዩም።

ወረቀት ያስተማረው፣ ወረቀት የገደለው

ንድፍን በወረቀት አሰራጭቶ ሕዝብ እንዲሠራው ማድረግ በሩታን አልተጀመረም። ፈረንሳዊው አንሪ ሚኜ በ1930ዎቹ «የሰማይ ቅማል» ብሎ የጠራትን ትንሽ አውሮፕላን ነድፎ፣ በ1934 አሠራሯን የሚያስተምር መጽሐፍ አሳተመ። በፈረንሳይና በብሪታንያ ብዙ ሰዎች መጽሐፉን ገልጠው መሥራት ጀመሩ። ጥቂት ሳይቆይ ግን ሞት ያስከተሉ አደጋዎች ተደጋገሙ። በ1936 በሁለቱም አገሮች በነፋስ መፈተኛ ዋሻ ሲመረመር፣ አፍንጫዋ ወደ ታች በሰፊው ሲዘቀዘቅ የሁለቱ ክንፎች መስተጋብር አብራሪው ቀና እንዳያደርጋት ሊከለክለው እንደሚችል ታወቀ።

የሚኜ ታሪክ የሚያስተምረን ወረቀት በአንድ አቅጣጫ ብቻ ሲጓዝ አደገኛ መሆኑን ነው። መጽሐፉ ከነዳፊው ወደ ሠሪው ሄደ፤ የሠሪው ገጠመኝ ወደ ነዳፊው የሚመለስበት፣ እርማቱም ለሁሉም የሚዳረስበት መንገድ ግን በበቂ አልተዘረጋም ነበር። የሩታን ድርጅት ይህን ክፍተት «ካናርድ ፑሸር» በተባለ በፖስታ በሚላክ ጋዜጣ ሞላው። በንድፉ ላይ የተገኘ ስሕተት፣ በበረራ የታየ እንከን፣ መደረግ ያለበት እርማት ሁሉ በዚያ ይወጣ ነበር። ለምሳሌ የመጀመሪያው የሎንግ ኢዜድ የፊት ክንፍ በዝናብ ሲመታ የማንሣት ኃይሉ ይቀንስ ነበርና፣ በ1980ዎቹ አጋማሽ ጆን ሮንዝ የነደፈው አዲስ ክንፍ ተተካ። ድርጅቱ በ1985 ንድፍ መሸጥ ቢያቆምም፣ ለጀመሩት ሰዎች መረጃ መላኩን አላቋረጠም። ጋዜጣው የሚደርሰው ሰው ሞሃቪ ሆነ ማዶ፣ ያው አንድ ጉባኤ ውስጥ ነበር።

ሕግ የሚጠይቀው

አሁን ወደ ሕጉ ልሻገር። በአሜሪካ በ1953 ሚልዋኪ ውስጥ በፖል ፖበረዝኒ መሪነት የተመሠረተው የሙከራ አውሮፕላን ሠሪዎች ማኅበር የቤት ሠሪዎችን አሰባሰበ። የአሜሪካ ደንብ በዚህ መደብ የሚፈቅደው፣ የአውሮፕላኑ አብዛኛው ክፍል ለራሳቸው ትምህርት ወይም መዝናኛ ሲሉ በሠሩት ሰዎች እጅ የተሠራ ሲሆን ነው። በተለምዶ «የ51 በመቶ ደንብ» ይባላል። ትምህርት የሚለው ቃል በአቪዬሽን ደንብ ውስጥ መግባቱን ልብ በሉ። መንግሥት ፈቃዱን የሚሰጠው አንድም ሰውየው እየተማረ ስለሠራ ነው። ዋናው ሠሪ ጠይቆ የዚያን አውሮፕላን ዓመታዊ ምርመራ በራሱ የሚያካሂድበት ምስክር ወረቀት ማግኘት ይችላል። አውሮፕላኑን ቢሸጠው ግን ወረቀቱ ለገዢው አይተላለፍም። ሕጉ ዕውቀትን ከዕቃው ለይቶ ከሰውየው ጋር ያሰረበት ግሩም ምሳሌ ነው።

በአገሮች መካከል ያለው ሥርዓት ደግሞ የተመሠረተው በ1944 በቺካጎ በተፈረመው ስምምነት ላይ ነው፤ ኢትዮጵያም ከፈራሚዎቹ አንዷ ነበረች። አንድ አገር የሌላውን አገር የበረራ ብቁነት ምስክር ወረቀት የሚቀበለው፣ አውሮፕላኑ በጋራ የተወሰነውን ዝቅተኛ መለኪያ ሲያሟላ ነው። በቤት የተሠራው አውሮፕላን ከዚህ መለኪያ ውጭ ስለሚወድቅ፣ በትውልድ አገሩ በሕጋዊ መንገድ ቢበርም የጎረቤቱን ድንበር ለመሻገር የዚያን አገር ልዩ ፈቃድ ይሻል። ኑሮውን ጠቅልሎ ለሚዛወር ሠሪማ ጉዳዩ ከዚህም ይጠብቃል። በብሪታንያ ወይም በጀርመን ሥራው ከመነሻው ተመዝግቦ፣ በየደረጃው በመርማሪ እየታየ መሄድ አለበት። ግማሽ ሥራ ይዞ የሚመጣ እንግዳ፣ በአዲሱ አገር ዐይን ማንም ያላየው ሥራ ይዞ እንደመጣ ነው የሚቆጠረው።

የአንድ መሐንዲስ ሦስት ቅጽ መዝገብ

ለዶክትሬት ትምህርቴ ጀርመን በነበርሁበት ጊዜ ጡረታ የወጡ አንድ መሐንዲስ አውቅ ነበር፤ ስማቸውን አልጠራም። በ1980ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ ሳሉ የሎንግ ኢዜድ ንድፍ ገዝተው ሥራውን ጀመሩ። የአውሮፕላኑን አካል፣ ሁለቱን ክንፎችና የፊቱን ትንሽ ክንፍ ሠርተው ገና ሳይገጣጥሟቸው፣ መሥሪያ ቤታቸው ወደ ጀርመን አዛወራቸው። ከብዙ ዓመታት በኋላ ሦስት ቅጽ የሆነውን የሥራ መዝገባቸውን እንዳነብ ፈቀዱልኝ። እንደ ታሪክ አጥኚ ያን ያህል ያረካኝ የግል ሰነድ ጥቂት ነው።

የጉዞው ዝግጅት በመዝገቡ ላይ ብዙ ገጽ ይዟል። የኮንቴይነሩን በር ስፋት ለክተው፣ ሁለቱን ክንፎች የሚሸከመውን የመሃል ምሰሶ ከአካሉ ጋር ማጣበቁን ወደ አዲሱ አገር አዘገዩት። ለእያንዳንዱ ክንፍ በክንፉ ቅርጽ የተቆረጡ ብዙ ድጋፎች ያሉት የእንጨት አልጋ ሠሩ። በሁለት ነጥብ ላይ ብቻ ያረፈ ክንፍ በፀሐይ በጋለ ኮንቴይነር ውስጥ ቀስ ብሎ ሊጎብጥ፣ እንደጎበጠም ሊቀር ይችላልና። ያልተቀላቀለውን ሙጫና ማጠንከሪያውን አልጫኑም። ማጠንከሪያው የሚያቃጥል ኬሚካል በመሆኑ ለጭነት ልዩ ሥርዓት ይጠይቃል፤ ዕድሜውም የተወሰነ ነው። የተረፋቸውን ለሌላ ሠሪ ሰጡ። የመስታወቱን ጨርቅ ግን ከርጥበትና ከአቧራ ለመጠበቅ በፕላስቲክ አሽገው ወሰዱ። ጀርመን ሲደርሱ የፎም መቁረጫ ሽቦአቸው በ110 ቮልት የሚሠራ ስለነበር ትራንስፎርመሩን መለወጥ ነበረባቸው። የንድፉ ብሎኖች በኢንች፣ የአካባቢው ሱቅ ብሎኖች በሚሊሜትር ስለነበሩ ሁሉንም ከውጭ ማስመጣት ግድ ሆነባቸው።

ይህ ሁሉ ግን በገንዘብና በትዕግሥት የሚያልፍ ችግር ነበር። ዋናው ፈተና የመጣው መርማሪው ወደ ጋራዣቸው በገባ ቀን ነው። መርማሪው ስለ ሥራው ውበት አልተናገረም። የጠየቀው «እነዚህ ክንፎች ቀለም ከመልበሳቸው በፊት ማን አያቸው?» ብሎ ነበር። መሐንዲሱ መልስ ከመስጠት ይልቅ መዝገቡን ከፈቱ። በያንዳንዱ የሥራ ቀን አንጻር የክፍሉ ሙቀት፣ የሙጫው የምርት ቁጥር፣ ሙጫና ማጠንከሪያው የተመዘኑበት መጠን፣ የተነጠፈው ጨርቅ ብዛትና አቅጣጫ ተጽፏል። ሙሌት ከመቀባቱ በፊት የተነሣ ፎቶግራፍ ተለጥፏል። ሥራውን መጥቶ ያየ አንድ ልምድ ያለው ሠሪ በጎኑ ፈርሟል። ከየዕለቱ ሙጫ የተሠራች ትንሽ ናሙናም ቀን ተጽፎባት በፖስታ ውስጥ ተቀምጣለች። መርማሪው ናሙናዎቹን እየሰበረ አየ፤ ፎቶግራፎቹን ከክንፉ ጋር አስተያየ። ከብዙ ምልልስ በኋላ አካሉንና ሁለቱን ክንፎች ተቀበለ።

የፊቱ ትንሽ ክንፍ ዕጣ ግን ሌላ ነበር። አዲሱን ንድፍ ያወጀው ጋዜጣ ባሕር ተሻግሮ ደርሷቸው ስለነበር፣ አሮጌውን በሣጥኑ ትተው ሌላ ክንፍ ከመነሻው፣ በመርማሪው ዐይን ሥር ሠሩ። መዝገቡ እዚህ ላይ ቋንቋ ይለውጣል። እስከዚያ ገጽ በእንግሊዝኛ ነው፤ ከዚያ ገጽ ጀምሮ በጀርመንኛ። ዐምዶቹ ግን አልተለወጡም፤ ቀን፣ ሙቀት፣ ሚዛን፣ ፊርማ። በእኔ አስተያየት ከአሜሪካ ወደ ጀርመን በእውነት የተሻገረው እነዚያ ዐምዶች ናቸው። ክንፎቹ ያለ መዝገቡ ቢደርሱ ኖሮ ነጭ የተቀቡ የፎም ብሎኮች ከመሆን አያልፉም ነበር።

«ፀሐይ» እና እኛ

ይህን ታሪክ ወደ አገራችን የማመጣው በግድ አይደለም። እኛም ባሕር የተሻገረ አውሮፕላን አለን። «ፀሐይ» በንጉሠ ነገሥቱ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ስም የተሰየመች፣ በ1935 በጀርመናዊው መሐንዲስና አብራሪ በሉድቪግ ቬበር መሪነት እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ የተሠራች አውሮፕላን ናት። በወረራው ዘመን ወደ ጣሊያን ተወሰደች፤ ከሮም አቅራቢያ በቪኛ ዲ ቫሌ በሚገኘው የአየር ኃይል ሙዚየም ለአሠርት ዓመታት ለእይታ ቆየች። በጥር 2016 ዓ.ም. ወደ አገሯ ተመለሰች።

መመለሷ አስደስቶኛል። ነገር ግን ከላይ ባነሣሁት መለኪያ ስመዝነው፣ ሁለቱ ጉዞዎች የተለያዩ ናቸው። የመሐንዲሱ ክንፎች ባሕር የተሻገሩት ከሠሪያቸውና ከመዝገባቸው ጋር ነው፤ ስለዚህ ሥራው ቀጠለ። «ፀሐይ» ግን የተወሰደችው እንደ ምርኮ ነው፤ ዕቃ ሆና ሄደች፣ ዕቃ ሆና ተመለሰች። በ1935 እና በ1936 መካከል የተቋረጠው አንድ አውሮፕላን ብቻ አልነበረም፤ ከእሷ ቀጥሎ ሁለተኛዋን፣ ከሁለተኛዋ ሦስተኛዋን ሊያስከትል ይችል የነበረ የሥራ ሰንሰለት ነበር። ስለ «ፀሐይ» ሲወራ የቬበር ስም ይነሣል። የአገሩ ልጆች እጅ በየትኛው ብሎንና በየትኛው ጣውላ ላይ አረፈ ብሎ መጠየቅ ደግሞ የእናንተ የወጣት አጥኚዎች ድርሻ ነው።

የአቪዬሽን የመዝገብ ባህል በአገራችን የለም እያልሁ አይደለም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ2012 ከአፍሪካ ቀድሞ የተረከበው ቦይንግ 787 ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ኮምፖዚት ነው። በዚያ የጥገና ቤት ማስረጃ የሌለው መለዋወጫ፣ የቱንም ያህል አዲስ ቢመስል፣ አውሮፕላን ላይ አይገጠምም። በጋራዥ ያየነው ሕግ በሃንጋሩም ያው ነው። ጥያቄው ይህ ልማድ ከሃንጋሩ ወጥቶ ወደ ዩኒቨርሲቲ ወርክሾፕ መቼ ይገባል የሚለው ነው።

በየዓመቱ የመመረቂያ ሥራዎች ሲቀርቡ አያለሁ። የሚዞር፣ የሚፈጭ፣ የሚበር ነገር ይሠራል፤ ይጨበጨባል፤ ከዚያ መደርደሪያ ላይ ይወጣል። ሠሪው ተመርቆ ይሄዳል። የሚቀጥለው ዓመት ተማሪ ዕቃውን ያገኘዋል፤ ለምን በዚህ ልክ እንደተቆረጠ፣ ምን ተሞክሮ እንዳልሠራ የሚነግረው ግን የለም። ስለዚህ ከዜሮ ይጀምራል። አስተማሪውም ለከፍተኛ ትምህርት ወይም ለኑሮ ወደ ውጭ ሲሄድ የሚሆነው ይኸው ነው። መሄድን አልነቅፍም፤ እኔም ሄጄ ተመልሻለሁ፤ ያልተመለሱትም የራሳቸው ምክንያት አላቸው። የሚያሳስበኝ ሰው ሲሄድ ሥራው አብሮ የሚሞት መሆኑ ነው። አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ያሉት ለብራና ብቻ አይመስለኝም፤ ለፎምና ለኢፖክሲም ይሠራል።

ስለዚህ ለፋኩልቲያችን የማቀርበው ሐሳብ ወጪው የደብተር ዋጋ ነው። ማንኛውም የተማሪ ሥራ ከዕቃው ጋር የሥራ መዝገቡን ካላስረከበ እንደተጠናቀቀ አይቆጠር። መዝገቡ ያማረ ጽሑፍ መሆን የለበትም። ቀኑ፣ ልኩ፣ የተሞከረውና ያልሠራው፣ ከመሸፈኑ በፊት የተነሣው ፎቶግራፍ፣ ያየው ሰው ፊርማ ይበቁታል። ያን ጊዜ ከእናንተ አንዱ ነገ ሽቱትጋርት ወይም ዱባይ ወይም ሂውስተን ቢገባ፣ እዚህ የቀረው ሥራ ወላጅ አልባ አይሆንም። እዚያ የሚሠራውንም ይዞ ሲመለስ፣ «ይህ ከመዘጋቱ በፊት ውስጡን ማን አየ?» ብሎ የሚጠይቀውን ሰው ፊት ለፊት አይቶ መልስ መስጠት ይችላል።

 አሁን መድረኩን ለጥያቄዎቻችሁ እለቃለሁ።